«ላንድክሩዘር ካልሆነ አትልፉ» ላሉን ጸሐፊ፦ ከጅማ ጭቃ የተላከ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰው ላከልኝ። ሦስቱም ከሥሩ «ምን ትላለህ?» ብለዋል። ጽሑፉ ረጅም ነው፣ ፍሬ ነገሩ ግን አጭር። የድሮ ፎር ዊል (በአራቱም ጎማ የሚሄድ መኪና) ገዝታችሁ ለጫካና ለጭቃ ልትሠሩ ካሰባችሁ ላንድክሩዘር ብቻ ግዙ፣ ከፍ አድርጉት፣ ትልልቅ ጎማ አልብሱት፣ ቱርቦ ግጠሙለት፣ ሌላው ሁሉ ገንዘብ መበተን ነው ይላል። ጸሐፊው አዲስ አበባ እንደሚኖርና ቅዳሜ ቅዳሜ በእንጦጦ ጀርባ እንደሚነዳ ራሱ ነግሮናል።

እኔ ጅማ ነው የምኖረው። ሥራዬ ቡና ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር በዙሪያችን ወዳሉት የቡና አካባቢዎች ሊሙ፣ ጎማ፣ ጌራ እያልኩ እመላለሳለሁ። የቀረውን ጊዜ መኪና ስፈታና ስገጥም አሳልፋለሁ፤ ባለቤቴን ከጠየቃችሁ ደግሞ ስፈታ ብቻ። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰውየው መኪና ይወዳል፣ ያስታውቃል። ምክሩን የሚከተል ሰው ግን ገንዘቡን ጨርሶ መኪናው ጋራዥ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ አንድ በአንድ ልመልስለት።

«ከላንድክሩዘር ሌላ መኪና የለም» ይላል መጀመሪያ።

የምስማማበትን ላስቀድም። ሰባ የምንለው ላንድክሩዘር እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ መኪና ነው፤ ይኸው ዛሬም ይመረታል። ሻንሲው (መኪናው የተቀመጠበት የብረት አጽም) ወፍራም ነው፣ ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል ነው፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማውን አንድ ወጥ ብረት ያያይዘዋል፣ መለዋወጫው ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ እስከ እኛው አጋሮ አይጠፋም። በዚህ አልከራከርም። ግን ሰባ ማለት አንድ መኪና አይደለም። ኮፈኑን ስትከፍተው ስሪ ቢ የሚባለውን ሞተር ልታገኝ ትችላለህ፣ ባለ አራት ፒስቶን፣ 3.4 ሊትር። ወይ ቱ ኤች፣ ባለ ስድስት፣ 4 ሊትር። እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ የወጣ ከሆነ ደግሞ ጸሐፊው የሚምልበት ዋን ኤች ዜድ ነው፣ ባለ ስድስት፣ 4.2 ሊትር። «ዘይት ብቻ ቀይሩለት፣ አይሞትም» ይለናል።

ይሞታል። ሁለቱ አሮጌዎች ቫልቭና ፒስቶናቸው ጊዜውን ጠብቆ እንዲሠራ የሚያደርጉት በብረት ጥርስ ነው፣ ዋን ኤች ዜድ ግን በላስቲክ ቺንጋ። ቺንጋው በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቆጣሪ ደግሞ ከቆመ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ሻጩም አያውቅም። «ቺንጋው መቼ ተቀየረ?» ብለህ ጠይቀው። ሰማይ ሰማይ ካየ፣ በገዛህበት ቀን ሌላ ነገር ሳትነካ እሱን ቀይር። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይወርዳል፣ አንተም የመኪናውን ሌላ ሥራ ሁሉ ለመጪው ዓመት ታስተላልፋለህ።

ዋናው ጉዳይ ግን ሞተሩ አይደለም፣ ዋጋው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ሁሉ በቆመበት ይወደዳል፣ ስም ያለው ደግሞ ከሁሉም በላይ። ለደከመ ላንድክሩዘር በምትከፍለው ገንዘብ ጤነኛ ሃይሉክስ ትገዛለህ፣ ምናልባትም ጎማና ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመውን ተደራራቢ ብረት) የምትቀይርበት ይተርፍሃል። ሃይሉክስ ስል እ.ኤ.አ. ከ1997 በፊት የነበረውን ቅርጽ ነው፣ ከፊትም ባሌስትራና ድፍን አክስል ያለውን፣ 2.8 ሊትር ናፍጣውን። ከፊት እግሩ ለየብቻ የሚሠራም አለ። ለአስፋልት ይመቻል፣ ከፍ ላድርግህ ስትለው ግን ያስቸግራል። ጸሐፊው በዚያ ሁሉ ገጽ ሃይሉክስን አንዴ እንኳ አልጠራውም። እዚህ ጅማ መርካቶ ጠርዝ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆመህ ብትቆጥር ምን ያህል እንደሚያልፍ ታያለህ።

ቀጥሎ «ዝገት አያሳስባችሁ፣ ብየዳ የትም አለ» ይላል።

እዚህ ጋ ተናድጃለሁ፣ አልደብቅም። ምክንያቱም ይህንኑ አምኜ የተበላሁት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያዬን ላንድክሩዘር ስገዛ ነጭ ነበር፣ ተወልውሎ ያበራል። ካርቶን አንጥፌ ከሥሩ ተኛሁ፣ አየሁት። ሻንሲው ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ አዲስ ይመስላል። «ባለቤቱ ጠንቃቃ ነው» አልኩ ለራሴ። ከፈልኩ። ከከፈልኩ በኋላ ነው ጋሼ ጋ የወሰድኩት። ጋሼ የምላቸው እዚህ ከተማ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና ሥር የኖሩ መካኒክ ናቸው። ዞር ዞር ብለው አዩት፣ ምንም አላሉም። ከኪሳቸው ካቻቢቴ አወጡ፣ የኋላው ባሌስትራ ከሻንሲው ጋር የሚያያዝበት ቦታ ጋ ተንበረከኩ፣ በእጀታው መታ መታ እያደረጉ ሄዱ። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል፣ ዱብ። ዱብ ያለበት ላይ ቆሙ። ካቻቢቴውን ገልብጠው በጫፉ ገፋ አደረጉት። ገባ። እስከ እጀታው ገባ! ሲያወጡት ቀይ ዱቄትና ደረቅ ጭቃ እጃቸው ላይ ተራገፈ። ከቀለሙ ሥር ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ቀጭን ላሜራ፣ ከላሜራው ሥር ምንም።

«ልጄ፣ የገዛኸው ቀለም ነው» አሉኝ።

እኛ ጋ ባሕር የለም፣ ጨው የለም፣ ታዲያ ዝገቱ ከየት መጣ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ሻንሲ ሳጥን ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው። ጭቃው በየቀዳዳው ይገባና ይተኛል። ጅማ ደግሞ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ሰማዩ እምነት የሚጣልበት አይደለም፣ ያ ጭቃ ደርቆ አያውቅም። ብረቱ የሚበላው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ከውጭ ስታየው ጤነኛ ነው፣ ቀለም ከተቀባ ደግሞ ሙሽራ ነው። ብየዳስ? ብየዳ የሚይዘው ጤነኛ ብረት ሲያገኝ ነው። የሳሳ ብረት ላይ ላሜራ ብትለጥፍ፣ መኪናው ገደላ ገደል ሲሄድ ሻንሲው ይጠማዘዛል፣ ስንጥቁም ከብየዳው ጎን ይጀምራል። የእኔው በሁለተኛው ክረምት ነው የተሰነጠቀው። ብረቱ ሙሉ የሆነ ማንኛውም መኪና፣ ስሙ የፈለገውን ይሁን፣ ከዚያ ላንድክሩዘር ይሻለኝ ነበር።

«ላንድሮቨር የቆመ ሬሳ ነው» የሚለው ላይ ስቄያለሁ። ሬሳው ጌራ ላይ ቡና ጭኖ ይወጣል።

እውነት ለመናገር እዚህ ግማሹን አግኝቶታል። መለዋወጫው ጅማ ውስጥ እንደ ቶዮታ እጅህን ዘርግተህ የምታነሳው አይደለም፣ አዲስ አበባ ማዘዝና አውቶቡስ መጠበቅ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተመረተው ሲሪስ ስሪ ባለ ባሌስትራው ደግሞ የኋላ ሴሚያሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ደካማ ነው፣ ጭቃ ውስጥ ፍሪሲዮን ድንገት ከለቀቅክበት ቀጭ ይልብሃል። «አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም» የሚለው የሠፈር ወሬም ግማሽ ነው። አካሉ አሉሚኒየም ነው፣ ሻንሲውና ከሾፌሩ እግር ፊት ያለው ግድግዳ ግን ብረት ነው፣ እነሱን በካቻቢቴ መታ ማድረግ አይቀርልህም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ1983 ወዲህ የመጣው፣ በባሌስትራ ፈንታ ጥምዝ ሞላ ያለው፣ በኋላ ዲፌንደር የተባለው፣ ጎበጥ ጎበጥ ባለ መንገድ ላይ ጎማው መሬት አይለቅም። ባለ ባሌስትራ ላንድክሩዘር አንድ እግሩን አንስቶ እንደ ውሻ ሲቆም ይሄኛው አራቱንም ይዞ ያልፋል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ዲፌንደር ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ብዙ ሰው «ፎር ዊል ማስገባት አያስፈልግም» ብሎ ያቺን አጭር ዘንግ ረስቷታል። መሐል ያለውን፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን ዲፈረንሻል የምትቆልፈው እሷ ናት። ሳትቆልፈው አንድ ጎማ ብቻ ቢንሸራተት፣ መኪናው በሙሉ እዚያው ጎማ ላይ ኃይሉን ይደፋል። በለጠ ጫካ መውጫ ላይ አንድ ሰው ረፋዱን ሙሉ ቅርንጫፍ ሲያነጥፍ አግኝቼዋለሁ። ዘንጓን ወደ ጎን ገፋኋት፣ ወጣ። አላመሰገነኝም፣ አፍሮ ነው መሰለኝ።

እንግዲህ ላንድሮቨር የሚያውቅ መካኒክ ካለህ ግዛ። ከሌለህ ተወው። ከዚህ ሌላ ምስጢር የለውም።

አሁን ሱዙኪ። «መጫወቻ ነው፣ ለቁም ነገር አይሆንም» ይላል። ወንድሜ፣ አንድ ሰኔ ና።

ከዴዶ ወደ ውስጥ የሚያስገባ አንድ ዳገት አለ። ቀይ አፈር ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋት ፀሐይ ከነካችው አፈሩ እንደ ቅቤ ይሆናል። ሦስት መኪና ነበርን፣ ሁለት ላንድክሩዘርና አንድ አሮጌ ሱዙኪ ሳሙራይ። የፊተኛው ላንድክሩዘር አዲስ ሰፊ ጎማ አድርጓል፣ ባለቤቱ ኩራቱ አይጣል። ሃያ ሜትር ያህል እንደሄደ ጭቃው የጎማውን ጥርስ ሞላው። ጥርስ የሚባል ነገር ጠፋ፣ ሊጥ የተቀባ ምጣድ ሆነ። ከዚያ መኪናው ወደ ፊት መሄዱን ትቶ በጎኑ፣ ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳይነካው፣ ቦይ ውስጥ ገባ። ከ2 ቶን በላይ ብረት ሲንሸራተት ድምፅ የለውም። ሁላችንም ዝም ብለን አየነው።

ሳሙራዩ 1 ቶን አይሞላም። ሞተሩ 1.3 ሊትር ነው፣ ጎማው ቀጭን ነው። ሾፌሩ ፎር ዊል ሎው (ዝግ ያለውን፣ ባለ ጉልበቱን ማርሽ) አስገባ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳያበዛ፣ እንደ ሽማግሌ አዘገመ። ወጣ። አንድ ቦታ ላይ ኋላው ተንሸራቶ ነበር። አራት የሠፈር ልጆች ከኋላ ይዘው ብድግ አድርገው ወደ መሐል መለሱት፣ እየሳቁ። ላንድክሩዘሩን ግን ትራክተር እስኪመጣ እስከ ማታ ጠበቅነው።

ቀላል መኪና አይሰምጥም፣ ከሰመጠም ሰው ያወጣዋል። ይቺን ነገር በእንጦጦ ኮረኮንች ላይ አትማራትም።

ሱዙኪ እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ቤንዚን ነው የሚጠጣው። ከአዲስ አበባ ስትመጣ የጊቤን በረሃ ወርደህ ወደዚህኛው ዳገት ስትወጣ የጫነ አይሱዙ ቀድሞህ ይሄዳል፣ ውርደቱን መልመድ ነው። አምስት ሰውና ሁለት ኩንታል ቡና አይችልም። ትራንስፈር ኬዙ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሳጥን) የተንጠለጠለባቸው ላስቲኮች ይበጠሳሉ፣ ዘንጉ እጅህ ላይ ሲንቀጠቀጥ እሱን እይ። የፊት ጎማው ከውስጥ በኩል ግራሶና ዘይት ከተፋም ኩሽኔታውና ጎሚኒው ይቀየራል። እነዚህ ግን የቅዳሜ ከሰዓት ሥራዎች ናቸው፣ ሞተር የማውረድ አይደሉም። ብቻህን ወይ ለሁለት የምትሄድ ከሆነ፣ ሸክምም ከሌለህ፣ እኔ ዛሬ ምረጥ ብባል ሱዙኪውን ነው የምመርጠው።

ወደ ትልቁ ነጥቡ እንምጣ። «በመጀመሪያ 4 ኢንች ከፍ አድርጉት፣ 35 ኢንች ጎማ ግጠሙ» ይላል።

ድንጋይ ላይ የሚጋጭብህ ምንድነው? ዲፈረንሻሉ ነው፣ ያ ከሥር እንደ ሽንኩርት ያበጠው። ዲፈረንሻሉ ያለው አክስሉ ላይ ነው፣ አክስሉ ደግሞ የተሸከመው በጎማው ነው። ባሌስትራውን 4 ኢንች ብታስረዝመው ከፍ የሚለው አካሉ ብቻ ነው፣ ዲፈረንሻሉ ፀጉር ታህል አይነሳም! የሚያነሳው ጎማ ነው፣ እሱም ግማሹን። ሰባው ከፋብሪካ የሚመጣበት 7.50 በ16 ጎማ ከታች እስከ ላይ ሲለካ ወደ 32 ኢንች ይጠጋል። 35 ስታደርገው 3 ኢንች ጨመርክ፣ ዲፈረንሻልህ ግን ያገኘው አንድ ተኩል ነው። ሁለት ጣት በለው።

ለሁለት ጣት ምን ትከፍላለህ? ማርሽህ ሁሉ ወደ 10 በመቶ ይከብዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፣ ጅማ ራሷ ከባሕር በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ እና ያንን የደከመ ሞተር ከባድ ጎማ ታሸክመዋለህ። ፍሬኑ ይረዝማል። ትራስሚሲዮኑ (ኃይሉን ወደ አክስሉ የሚወስደው ዘንግ) ተጣምሞ ስለሚሠራ መጋጠሚያው፣ ክሮቸራው፣ ቶሎ ይበላል። የጎማ ኩሽኔታው ያለቅሳል። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ የኛ የቡና መንገድ ተራራ ጎን ላይ የተቆረጠ ነው፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ። ረጅም መኪና እዚያ ላይ ሲያጋድል ከጎንህ የተቀመጠው ሰው ጸሎት ይጀምራል።

ደግሞስ ጎማው ቢቀደድብህ? ሊሙ ገነት ላይ 35 ኢንች ጎማ ፈልግ እስቲ። 7.50 በ16 ግን አይሱዙም የሚያደርገው ስለሆነ አጋሮ ያለ የትኛውም ጎሚስታ ጋ ጎማውም ካላማዳሪያውም (የውስጥ ላስቲኩም) አለ። ቀጭንነቱም ጥቅም ነው፤ ላዩ ጭቃ ሆኖ ሥሩ ጠንካራ የሆነ መንገድ ላይ ቆርጦ ይወርድና ጠንካራውን ይይዛል። ሥር የሌለው ረግረግ ላይ፣ ለምሳሌ ቦዬ ዳር፣ ቀጭን ጎማ ይሰምጣል፣ እውነት ነው። ግን ቦዬ ረግረግ ውስጥ በመኪና ምን ትሠራለህ?

እኔ የማደርገው ይሄን ነው። የሞተ ባሌስትራ ካለ በአዲስ እቀይራለሁ፣ በዚያው አንድ ኢንች ከፍ ካለ ይበቃኛል። ጎማው ከፋብሪካው መጠን አይወጣም። ጭቃ ሲመጣ አየሩን ወደ 20 ፒኤስአይ ዝቅ አደርጋለሁ፣ ጎማው ሲለጠጥ ይይዛል። ካላማዳሪያ ካለው ከዚህ በታች አልወርድም፤ ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞርና ቫልቩን ቆርጦት ቁጭ ይላል። ከጭቃው ስወጣ የምሞላበት የባትሪ ፖምፓ ወንበር ሥር አለ። ከ4 ኢንቹ ሁሉ ይቺ ፖምፓ ትበልጣለች።

ቱርቦውን በአጭሩ ልለፈው። ዋን ኤች ዜድ ያለ ቱርቦ የተሠራ ሞተር ነው፣ ነዳጁ መጀመሪያ የሚቀጣጠለው ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው። ቱርቦ ጨምረህ ነዳጅ ከከፈትክለት ሙቀቱ እዚያው ይከማችና ቴስታታው ይሰነጠቃል። የጭስ ሙቀት መለኪያ ገጥሞ፣ ልኩን ጠብቆ የሚነዳ ሰው ይዘልቅ ይሆናል። ከጓደኛው ጋር ሽቅድምድም የሚይዝ ግን አይዘልቅም። ሌላ ሞተር ልቀይር ካልክ ደግሞ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር አይገጥምም፣ ቦሎ ስታወጣ የምትጠየቀው አንተ ነህ።

«ዊንች ሳይኖራችሁ ከከተማ አትውጡ» የሚለውም አለ። ዊንች ጥሩ ነገር ነው፣ ገንዘብ ላለው። ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ። ጅማ ዙሪያ ዛፍ ሞልቷል፣ ግን ዛፉ የሰው ነው፤ የቡና ጥላ የሆነ ዋንዛ ላይ የብረት ገመድ ስትጠመጥም ባለቤቱ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ይመጣል። ሰፊ የጨርቅ ማሰሪያ ያዝ፣ ልጡን አይልጠውም፣ አስቀድመህም አስፈቅድ። እኔ እስካሁን በወፍራም ገመድ፣ በአካፋና ሁለት ሰንሰለት ነው የኖርኩት።

የመጨረሻው ምክሩ «አሁኑኑ ግዙ፣ ነገ ይወደዳል» ነው። ይወደዳል፣ ልክ ነው። ግን የቸኮለ ሰው ነው ደላላ የሚበላው። እኔን ያየ ይቀጣ። የሻንሲ ቁጥሩን በጨርቅ ጠርገህ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያይ። ከድርጅት ወጥቶ የተሸጠ መኪና ከሆነ ቀረጡ ተከፍሎበት እንደሆነ ስም ከማዛወርህ በፊት አጣራ። በጨረታ የምትገዛ ከሆነም መኪናው ከቆመ ስንት ክረምት እንዳለፈው ጠይቅ፤ ዛፍ ሥር የከረመ መኪና ሽቦውን አይጥ በልቶታል፣ ነዳጅ ታንከሩም ውስጡ ዝጓል። ሞተሩ ሳይሞቅ በፊት ሄደህ አስነሳው። ሻጩ «ቀድሜ አሙቄልሃለሁ» ካለህ ቡናህን ጠጥተህ ወደ ቤትህ ሂድ።

እኔ ራሴ ዓመት ሊሞላኝ ነው እየፈለግኩ። አጋሮ አንድ ሃይሉክስ አግኝቻለሁ፣ ባለ 2.8ቱ፣ ከፊትም ባሌስትራ ያለው። ከሥሩ ተኝቼ ከጫፍ እስከ ጫፍ በካቻቢቴ መታሁት፣ አንድም ዱብ አላለም። ጋሼንም ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ፣ ዝም ብለው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ ከእሳቸው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ባለቤቱ ግን ቡናውን የሚያመላልስበት እሱው ስለሆነ ለቀማው ሳያልቅ አልሸጥም ብሏል። እሺ ብያለሁ። እስከ ጥር እጠብቃለሁ።